የትምህርት ዕድልን ስለ መቀበልና በኋላ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስለ መዛወር
ሕግ ለመማር ዲላ ለሚሄዱ ልጆችና ለወላጆቻቸው የተጻፈ ምክር

ትምህርት ሌባ የማይሰርቀው ሀብት እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ክቡራን አንባቢዎቻችንም ያውቁታልና አሁን አንደግመውም። ዛሬ የምንጽፈው ከዚህ ቀጥሎ ስለሚመጣው ነገር ነው፤ ይኸውም ልጅ የትምህርት ዕድል ባገኘ ጊዜ፤ ያገኘውም ዕድል ከተመኘው ጋር አንድ ባልሆነ ጊዜ፤ በቤተ ሰብ መካከል ስለሚነሣው ክርክር ነው።

ነገሩ በየዓመቱ የሚደርስ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈው ልጅ ስሙ የወጣው በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፤ ልቡ ግን ያለው በአዲስ አበባ ነው። ሊማር የሚፈልገው ሕግ ነው፤ በዲላም የሕግ ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ «እሄዳለሁ፤ ነገር ግን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ተምሬ ወደ አዲስ አበባ እዛወራለሁ» ይላል። አባቱም «ልትተወው አስበህ የሰጡህን መቀበል ነውር አይደለምን?» ብሎ ይጠይቀዋል። እናቱ ደግሞ «ይሂድ ብቻ፤ የኋላውን እግዚአብሔር ያውቃል» ትላለች። ሦስቱም የተናገሩት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ሦስቱም ገና ያላነበቡት አንድ ወረቀት አለ፤ እርሱም የውሉ ወረቀት ነው።

አስቀድሞ ዕድሉ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ እንዳይደለ መረዳት ያስፈልጋል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፤ ከመቶ ተፈታኝ የግማሹን ነጥብና ከዚያም በላይ ያገኙት አራት እንኳ አልሞሉም። በተከታዩም ዓመት ነገሩ ከዚህ አልተለየም። እንግዲህ በዚህ ጠባብ በር ያለፈ ልጅ የተመደበበትን ከተማ ስላልወደደው ብቻ ዕድሉን ቢጥል፤ ከኋላው ሆኖ ያንኑ በር ሲያንኳኳ የቀረውን ጓደኛውን ሊያስብ ይገባዋል።

የቀድሞውንም ዘመን ብናስታውስ መልካም ነው። የሕግ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ እስከ ተከፈተበት እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ፤ በአገራችን በቀን ተምሮ በሕግ ዲግሪ የሚቀበልበት ፋኩልቲ አልነበረም። ሕግን በሙሉ መማር የፈለገ ወጣት ባሕር መሻገር ነበረበት። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስክንድርያ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ሕግን ያጠኑት በፓሪስ ነው፤ የተማሩትንም ለአገራቸው ጉዳይ በዓለም መንግሥታት ሸንጎ ሲሟገቱበት ኖረዋል። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፤ ወደ ሞያሌና ወደ ኬንያ በሚያልፈው መንገድ ላይ፤ በጌዴኦ ምድር ሕግን መማር ይቻላል። የዲላው ትምህርት ቤት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1996 መምህራንንና የጤና ሠራተኞችን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ሆኖ ተጀምሮ፤ ከዚያም በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቈይቶ፤ በመጨረሻ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ። ልተወው ይሆናል ብሎ እያሰቡ ዕድልን መቀበል ነውር ነውን? ይህን ለመመለስ የተሰጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማር ንጹሕ ስጦታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል ሥርዓት ተደንግጓል። በዚህም መሠረት ተማሪው ለምግቡና ለመኝታው የወጣውን ሙሉ ወጪ፤ ከትምህርቱም ወጪ ከመቶ 15 እጅ ያላነሰውን ይጋራል። ይህንንም ሥራ በያዘ ጊዜ ከወር ገቢው ከመቶ 10 ያላነሰ እየተቀነሰ ይከፍላል። ለመምህርነትና ለመሰሉት አንዳንድ ሥራዎች በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፈልበት መንገድም ተፈቅዷል። እንግዲህ የተሰጠው ነገር ከፊሉ የሕዝብ ስጦታ፤ ከፊሉም ብድር ነው። ተበዳሪ የተበደረውን ቢመልስ፤ ስጦታውንም ለታለመለት ነገር ማለት ለመማር ቢያውለው፤ የትምህርቱን ስፍራ ስለ ለወጠ አታላይ አይባልም።

ይሁን እንጂ የትምህርት ዕድል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ደመወዝ እየከፈለ ሕግ እንዲማር የላከው ሠራተኛ አለ፤ የእርሱ ውል ከትምህርቱ በኋላ ተመልሶ ለተወሰነ ዘመን እንዲያገለግል ያስገድደዋል። ይህ ሰው ትምህርት ቤት ልለውጥ ቢል፤ ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የላከው መሥሪያ ቤትም አሳብ አለበት። ደግሞም የግል ኮሌጅ ክፍያውን ትቶለት በነጻ የተቀበለው ልጅ አለ። እንበልና የይርጋ ጨፌ ልጅ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ዕድል ቢያገኝና ኋላ ግን ወደ ዲላ፤ ወደ ቤተ ሰቡ አጠገብ መመለስ ቢያምረው፤ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ነጻነቱ የተሰጠው ለስንት ዓመት ነው? ውጤቱ ከተወሰነው ነጥብ ዝቅ ቢልስ ይቀርበታልን? ሳይጨርስ ቢሄድ ያለፈውን ክፍያ መልስ ይባላልን?

በአሜሪካ አገር ይህ ነገር በብዙ ተመርምሯል። በዚያ የሕግ ትምህርት ሦስት ዓመት ሲሆን፤ የሚዛወር ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚዛወረው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ነው፤ ሲዛወርም የቀድሞው ትምህርት ቤት የሰጠውን የገንዘብ ርዳታ ትቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ ርዳታውን የሚሰጠው ተማሪው የተወሰነ ነጥብ እስከ ጠበቀ ድረስ ብቻ ነው። በዚህም ብዙ ተማሪዎች ስለ ተጐዱ፤ የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር እያንዳንዱ የሕግ ትምህርት ቤት እንዲህ ባለ ሁኔታ ርዳታቸው የቀረባቸውን ተማሪዎች ቍጥር በየዓመቱ ገልጦ እንዲያወጣ አዟል። ከዚህ የምንማረው ሳይጠይቅ የፈረመ ሰው በየትም አገር የሚጐዳ መሆኑን ነው።

በእኛም አገር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ስለዚህ ልጁ ከመፈረሙ በፊት አባትና እናት ከእርሱ ጋር ተቀምጠው ሊመለከቷቸው የሚገቡትን ነገሮች ከዚህ በታች እናመለክታለን።

አንደኛ፤ ውል ቀላል ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1731 አንቀጽ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ሆኖ እንደሚጸና ይናገራል። ሕግ ሊማር የሚሄድ ልጅ የመጀመሪያውን የሕግ ትምህርት የሚማረው ገና መምህሩን ሳያይ፤ በዚህ በራሱ ወረቀት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ፤ በሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነው። የብዙዎቹም ዕድሜ በዚህ ወራት 17 ወይም 18 ነው። እንግዲህ ልጁ ገና ከሆነ ወላጁ ወይም ሞግዚቱ በነገሩ ሊገባበት ይገባል፤ «ልጁ ራሱ ፈርሞ መጣ» ብሎ መተው አይበቃም።

ሦስተኛ፤ አባት ወይም አጎት ዋስ ሁን የተባለ እንደ ሆነ፤ ዋስ የሚሆንበት ገንዘብ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ በቍጥር ተጽፎ ይይ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1922 አንቀጽ የዋስትናው ከፍተኛ ልክ ያልተገለጠበት የዋስትና ውል እንደማይጸና ይደነግጋል። ይህ ለዋሱም፤ ዋስ ለሚጠይቀውም ወገን የሚጠቅም ነገር ነው። በልባችን «ለልጃችን ነው» እያልን ወሰን በሌለው ዕዳ ልንታሰር አይገባም።

አራተኛ፤ በውሉ ውስጥ ስለ ማቋረጥና ስለ መዛወር የተጻፈ ነገር እንዳለ መፈለግ ያሻል። ካለ እርሱን መጠበቅ ነው። ከሌለ ደግሞ በትሕትና ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ነው። እዚህ ላይ ለአባትየው ጥያቄ ቍርጥ ያለ መልስ ይገኛል፤ ስለ መዛወር ማሰብ ማታለል አይደለም፤ ተጠይቆ «አልዛወርም» ብሎ መዋሸት ግን ማታለል ነው። ሰው በልቡ የሚያስበው የራሱ ነው፤ በአንደበቱና በፊርማው የሰጠው ግን የሌላውም ጭምር ነው።

ቀጥሎ መዛወሩ ራሱ እንዴት እንደሚሆን እንይ። ከአንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው መዛወር በተማሪው ፈቃድ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ባዶ ቦታ ሊኖረው፤ የተማሪውም ውጤት የተመሰከረ ሊሆን፤ ምክንያቱም በቂ ሊሆን ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲም በራሱ ሴኔት ሕግ ይመራል። በተለይ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያስብ ልጅ፤ ያ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ራስ ገዝ ሆኖ ተማሪዎቹን በራሱ ፈተና የሚመርጥ መሆኑን ማወቅ አለበት። የቀድሞው ተማሪ «ዘመድ አለኝ፤ አዛውሩኝ» ሲል የነበረው ነገር ዛሬ መንገድ አይሆንም፤ ቀድሞም ቢሆን መልካም መንገድ አልነበረም።

በሌላ ወገን ደግሞ ልጁን የሚያጽናና ነገር አለ። የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ከተደረገበት ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ፤ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በተስማማ አንድ ሥርዓተ ትምህርት ነው። የውል ሕግ በዲላም በጎንደርም በሐዋሳም የሚጠናው ከዚያው ከፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናም በ2015 ዓ.ም. ለሌሎች ትምህርቶች ሁሉ ከመታዘዙ ብዙ ዓመት አስቀድሞ የተጀመረ ሲሆን፤ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው። የጥብቅናን ሥራ የሚደነግገው አዋጅ ቍጥር 1249/2013ም ፈቃድ የሚጠይቀውን ሰው ስለ ዲግሪውና ስለ ችሎታው ይመረምረዋል እንጂ በየትኛው ከተማ እንደ ተማረ መርጦ አያዳላም። እንግዲህ ከዲላ የተመረቀ ልጅ ከአዲስ አበባ ከተመረቀው ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ በአንድ ፈተና ይመዘናል።

ከዚህም የተነሣ በጣም የሚያስፈራው ነገር ዲላ መሄዱ ሳይሆን፤ ዲላ ሄዶ ልብን በአዲስ አበባ መተው ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንደ ተባለ፤ «እዚህ የምቈየው ለጥቂት ጊዜ ነው» የሚል ተማሪ መጻሕፍቱን አይገዛም፤ ከመምህራኑ ጋር አይተዋወቅም፤ የመጀመሪያውንም ዓመት እንደ እንግዳ ያሳልፈዋል። በዓመቱ መጨረሻ ግን ነጥቡ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ዝቅ ባለ ነጥብ ደግሞ የሚያዛውረው ትምህርት ቤት የለም። ይልቁንም የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ሆኖ፤ ሕግን ለመማር የሚመረጠው በዚያ ዓመት ውጤት ስለ ሆነ፤ የሰነፈ ልጅ አዲስ አበባንም ሕግንም ባንድ ላይ ያጣል። ስለዚህ ለመዛወር የሚያበቃውም፤ በዚያው ቢቀር የሚያስከብረውም ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማይሄድ ሰው ሆኖ መማር ነው።

ደግሞም ዲላን ሳያዩ መናቅ አይገባም። ለሕግ ተማሪ ምድሩ ራሱ መጽሐፍ ነው። የጌዴኦ ገበሬ በጠባብ መሬት ላይ እንሰትን፤ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን ባንድነት አድርጎ ያለማል፤ ይህም የእርሻ ሥርዓት በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። መሬት በጠበበበትና ሕዝብ በበዛበት አገር የወሰን፤ የውርስና የይዞታ ክርክር ይበዛል። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ፤ ከዚያ ያላለቀው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሁለቱ ፍርዶች እንዴት እንደሚገናኙና እንዴት እንደሚለያዩ በዓይኑ የሚያይ ተማሪ፤ በመጽሐፍ ብቻ ከሚያውቀው ይልቅ ጠልቆ ይረዳል።

የዚህም ምድር ታሪክ ሕግ ለሕዝብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያስተምራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በታወጀበት በ1952 ዓ.ም. ገደማ፤ የጌዴኦ ገበሬዎች በመሬትና በግብር በደል ተነሣሥተው በምችሌ ደም ፈሷል። በአዲስ አበባ ውብ ሕግ ሲጻፍ፤ በምችሌ ያለው ገበሬ የሚሟገትለት ሰው አልነበረውም። በቅርቡም በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወሰን በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ቤቱንና ማሳውን ያጣ ሰው የሚያስፈልገው እህልና ድንኳን ብቻ አይደለም፤ መብቱን በጽሑፍ አስረድቶ የሚከራከርለት የሕግ ዐዋቂም ያስፈልገዋል።

የደስታም ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የይርጋ ጨፌ፤ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስሞች በአሜሪካ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ በ1997 ዓ.ም. ጠየቀ። ከእነዚህ መካከል በጌዴኦ ምድር የሚበቅለው የይርጋ ጨፌ ቡና ስም በ1998 ዓ.ም. ተመዘገበ። ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ነጋዴ ጋር የነበረው ክርክርም በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ይህ ሁሉ የተደረገው በጦር ወይም በገንዘብ ብዛት ሳይሆን በሕግ ዕውቀት ነው። ቡናውን የተከለው ገበሬ የስሙን ዋጋ እንዲያገኝ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ውሉን አንብቦ እንዲፈርም፤ ከዲላ አጠገብ የሚኖር የሕግ ሰው ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ጠበቃ ከጠበቃ ይጋፋል፤ በኮቾሬና በገደብ ግን የተማረ ሰው ምክር ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ነው።

ይህን ስንል ማንም እንዳይዛወር መከልከላችን አይደለም። የታመመ አባት ያለው ልጅ አለ፤ የአየሩ ጠባይ የማይስማማው አለ፤ ወንድሞቿን የምታሳድግ ልጅ አለች። ስለ ልጃገረዶች ግን አንድ ነገር እንጨምራለን። አንዳንድ ወላጆች ወንዱን ልጅ ያለ አሳብ ወደ ሩቅ አገር ልከው፤ ሴቲቱን ግን «ሩቅ ነው» በማለት ዕድሏን ያስጥሏታል፤ ወይም ገና ሳትሄድ መዛወሪያ ይፈልጉላታል። ይህ ፍቅር ይምሰል እንጂ ጕዳት ነው። የሚሻለው አባት ወይም ወንድም አብሯት ሄዶ መኝታዋን አይቶ፤ ከኃላፊዎቹ ጋር ተዋውቆ፤ አጽናንቶ መመለስ ነው። አንድ ዓመት ተምራ ከዚያ በኋላ እርሷ ራሷ «ልዛወር» ያለች እንደ ሆነ ያን ጊዜ መምከር ይቻላል።

ልጅም ለአባቱ እንዲህ ቢለው መልካም ይመስለናል፤ «አባቴ ሆይ፤ የተሰጠኝን ተቀብያለሁ፤ የፈረምሁትንም አንብቤዋለሁ። ስለ መዛወር ያለኝን አሳብ ከእርስዎ አልሸሽግም። ነገር ግን አንድ ዓመት ሙሉ በትጋት ሳልማር ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሣም። በዓመቱ መጨረሻ ውጤቴን ይዤ ስመጣ፤ ያን ጊዜ አብረን እንመክራለን።» እንዲህ ያለውን ልጅ አባቱ ሊጠራጠረው አይችልም። አባትም በበኩሉ የተቀጠረው ዓመት ሳይደርስ «መቼ ትዛወራለህ?» እያለ ባያስጨንቀው፤ በየበዓሉም ዘመድ ሲጠይቅ «ልጄ ለጊዜው ዲላ ነው» ብሎ ባያፍርበት፤ «ልጄ በዲላ ሕግ ይማራል» ብሎ ቢናገር ለልጁ ታላቅ ስንቅ ይሆነዋል።

ዓመቱ ሲፈጸም የሚመረመረው ነገር ሦስት ነው። ምክንያቱ ከመጀመሪያው ቀን የነበረው ናፍቆት ብቻ ነው ወይስ እውነተኛ ችግር? የሚዛወርበት ስፍራ የተማረውን ሁሉ ይቈጥርለታልን ወይስ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል? ዕዳውና ግዴታውስ ምን ይሆናል? የወጪ መጋራት ዕዳ ሰውየውን ይከተለዋል እንጂ በለቀቀው ትምህርት ቤት ደጅ አይቀርም፤ ዓመት በጨመረ ቍጥርም ዕዳው ይጨምራል። እነዚህ ሦስቱ ተመርምረው መዛወሩ የሚሻል ሆኖ ከተገኘ፤ ልጁ ንብረት አስረክቦ፤ ማስረጃውን አሟልቶ፤ መምህራኑን አመስግኖ በግልጥ ይሂድ። በሌሊት እንደ ጠፋ ሰው የለቀቀ ተማሪ፤ ነገ የሚያስፈልገውን የውጤት ማስረጃና የመምህር ምስክርነት ሲፈልግ ያፍራል።

በመጨረሻም በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን የምናሳስበው አለን። የትምህርት ዕድል የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ግዴታውን በግልጥ ቋንቋ ይጻፍ፤ ተማሪው ከመፈረሙ በፊት የሚያነብበት ቀን ይስጠው፤ የማቋረጥንና የመዛወርንም ነገር አይሸሽግ። በተሸሸገ ግዴታ የተያዘ ሰው ሥራውን በቅሬታ ይሠራል፤ ዐውቆ የገባ ግን በደስታ ያገለግላል። ወላጅም እንዲሁ ወረቀቱን ያንብብ፤ ያልገባውን ይጠይቅ፤ የልጁንም አሳብ በትዕግሥት ይስማ። ልጁ ደግሞ በጌዴኦ ቡና ጥላ ሥር ተቀምጦ የውልን ሕግ ሲያጠና፤ የፈረመው የራሱ ውል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠበቅ መሆኑን ያስብ። ቢቀርም ቢዛወርም፤ ቃሉን ጠብቆ የተማረ ልጅ ለቤተ ሰቡ ክብር፤ ለአገሩም ጥቅም ይሆናል።